መምሪያው ጀማሪው ቆሞ ከሚፈልግበት ስፍራ ይገኝ ዘንድ

በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር






 ስለ ምን እንደምናገር ለመምህሬ ባስታወቅሁ ጊዜ፣ «ይህ ነገር ለወላጆች አይከብድም ወይ?» ብለውኝ ነበር። እኔም፣ ነገሩ የኮምፒዩተር ይምሰል እንጂ መንገድ ስለ ጠፋበት ሰውና መንገዱን እያወቀ ዝም ስላለ ሰው ነው ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም «እንግዲያውስ እናያለን» አሉ። አሁን ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው እያዩኝ ነው።

አስቀድሜ ቃሉን ልፍታ። ኮምፒዩተር ያለ ሶፍትዌር ባዶ ሣጥን ነው። ሶፍትዌር የምንለው ለመሣሪያው የተጻፈለት የትእዛዝ ስብስብ ሲሆን፣ እንደ መጽሐፍ እትም አለው። ሠሪዎቹ ስሕተት ባገኙ ጊዜ ያርማሉ፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ባዩ ጊዜ ይደፍናሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አሮጌውን እትም ትተው አዲሱን ብቻ መጠበቅ ይጀምራሉ። በዚያን ጊዜ የአሮጌው ባለቤት ወይ ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ ወይም ቀዳዳው ሳይደፈን ይኖራል። ይህን መሻገር የሚያከናውኑ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች አሉ። ባለሙያዎች የአፕግሬድ መሣሪያ ይሏቸዋል፤ እኔ ለዛሬ ማሻገሪያ እላቸዋለሁ። እያንዳንዱ ማሻገሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መምሪያ ጽሑፍ አለው። ነገሬ ስለዚህ መምሪያ ነው፤ ይልቁንም የሚያስፈልገው ሰው ስለሚያገኘውና ስለማያገኘው ምክንያት ነው።

ታሪኩ የተጀመረው በኮምፒዩተር ክፍላችን ነው። በዚያ ክፍል 14 አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ። ኡቡንቱ የሚባል በነጻ የሚሰጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖባቸዋል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ዋናው ሶፍትዌር ነው። እትሙ 20.04 ነበር። ይህ ቁጥር ለማያውቀው ሰው ምሥጢር ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በ4ኛው ወር ወጣ ማለት ብቻ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ወር ለረጅም ጊዜ የሚጠበቅ እትም ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም 5 ዓመት መደበኛ ጥበቃ ይደረግለታል። ስለዚህ የእኛው እትም ጊዜ በሜይ 2025 ተፈጸመ።

ክፍሉን ያደራጁት ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። እነርሱም ተመርቀው ሄዱ። እኔ 11ኛ ክፍል ሳለሁ የክበቡ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥሁ፤ ቁልፉንም ተረከብሁ። ከቁልፉ በቀር የተረከብሁት ነገር እንደሌለ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ከ9ኛ ክፍል አዲስ የገባች ልጅ (ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለችና አልጠራም) ወደ እኔ መጥታ፣ «ይህ ኮምፒዩተር ጊዜው አልፎበታል ይላሉ፤ ወደ አዲሱ እንዴት ይሻገራል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በዚያን ሰዓት የኬሚስትሪ ፈተና እያጠናሁ ስለ ነበር፣ ከደብተሬ ቀና እንኳ ሳልል «መምሪያ አለው፤ አንብቢ» አልኋት። ይህች መልስ በእኛ በኮምፒዩተር ወዳጆች ዘንድ እንደ ሰላምታ የተለመደች ናት። የሚሰጣትን ሰው ዐዋቂ ታስመስለዋለች፤ ምንም አታስወጣውም።

ልጅቱ ታዛዥ ናትና አነበበች። «አፕግሬድ» የሚለውን ቃል ስትፈልግ «አፕት አፕግሬድ» የሚል ትእዛዝ አገኘች። አፕት በኡቡንቱ ውስጥ ፕሮግራሞችን የሚያመጣና የሚያድስ መሣሪያ ነው። ትእዛዙን ጻፈች፤ ኮምፒዩተሩም ከአንድ ሰዓት በላይ እያወረደ ብዙ ነገር አደሰ። ደስ ብሏት አጥፍታ እንደ ገና ብትከፍተው እትሙ ያው 20.04 ነው። በማግስቱ ደገመችው። ኮምፒዩተሩም፣ የታደሰ 0፣ አዲስ የገባ 0፣ የሚወገድ 0፣ ያልታደሰ 0 ብሎ መለሰላት። በሦስተኛው ቀን አራቱን ዜሮ እንደ ገና ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ክበቡ መምጣቷን ተወች።

ከሳምንት በኋላ በውሃው ቧንቧ አጠገብ አገኘኋትና ምነው ጠፋሽ ብላት፣ «ሦስት ቀን ሙሉ አሻሻልሁት፤ እርሱ ግን ያው ነው። ይህ ነገር ለእኔ የተሠራ አይመስለኝም» አለችኝ። ይህን ስትለኝ እጅግ አፈርሁ። የክበባችንን የአባላት መዝገብ ገልጬ ባየው፣ በየዓመቱ በመስከረም ከሚመዘገቡት ከግማሽ የሚበልጡት በጥር ወር አይገኙም ነበር። እኛም ሰነፎች ናቸው እንል ነበር። ከእነርሱ መካከል ስንቱ አራቱን ዜሮ አይቶ እንደ ሄደ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ለመሆኑ የልጅቱ ስሕተት ምን ነበር? እኔ ስሕተት አላገኘሁባትም። በእንግሊዝኛው አንዱ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። «አፕት አፕግሬድ» ያሉትን ፕሮግራሞች በዚያው እትም ውስጥ ያድሳል፤ ከእትም ወደ እትም አያሻግርም። የሚያሻግረው መሣሪያ ሌላ ሲሆን ስሙ «ዱ ሪሊዝ አፕግሬድ» ይባላል። ልዩነቱ ቤትን ኖራ በመቀባትና ዕቃን ጭኖ ወደ ሌላ ቤት በመግባት መካከል ያለውን ያህል ነው። ሁለተኛውን የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ፤ በደንብም የተጻፈ ነው። ነገር ግን ወደ እርሱ ለመድረስ የመሣሪያውን ስም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመሣሪያውን ስም ያወቀ ሰው ደግሞ መምሪያውን ያን ያህል አይሻውም። ጽሑፉ የሚጠብቀው ሰውና ጽሑፉን የሚፈልገው ሰው አይተዋወቁም።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ይዤ ወደ ክፍሉ ገባሁ። አሁን ስሙን ዐውቄአለሁና ትእዛዙን በኩራት ጻፍሁ። ኮምፒዩተሩ ግን፣ እገሌ በሚባለው ፋይል ውስጥ ጥቆማው «ከቶ አይሁን» በሚል ተወስኖአልና መሻገር አይቻልም ብሎ መለሰልኝ። ልጅቱ አፍዋን በእጅዋ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቋም የሚገባኝ ነበር።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ነገሩን ሆን ብለው ዘግተውት ኖሯል። ምክንያታቸውም መልካም ነበር፤ አንድ ልጅ በፈተና ሰሞን ሳያውቅ አዝራሩን ተጭኖ ማሻገሩን እንዳይጀምረው ብለው ነው። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁም ሣጥኑን ስናጸዳ ከተጠላለፈ ሽቦ ሥር አንድ ደብተር ባገኘሁ ጊዜ ነው። በደብተሩ በ31ኛው ገጽ ላይ፣ ለምን እንደ ተዘጋና እንዴት እንደሚከፈት፣ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ርእስ ግን «ልዩ ልዩ» ይላል። እንግዲህ ከናንተ መካከል ችግር የገጠመው ሰው «ልዩ ልዩ» የሚል ደብተር ፈልጎ የሚያውቅ አለን?

ፍርዴ እንዳያዳላ አንድ ነገር ልጨምር። ያ «አይቻልም» ያለው መልእክት በመጀመሪያ አናዶኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን በዚያ ሳምንት ካነበብሁት ሁሉ የተሻለው መምሪያ እርሱ ነበር። የከለከለውን ፋይል በስሙ ጠራልኝ፤ የከለከለውን ቃል አሳየኝ። ሳልፈልገውም ከቆምሁበት ድረስ መጣልኝ። ሌሎቹ ጽሑፎች ሁሉ እኔ እንድመጣ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር።

አሁን ወደ ሌላ ስፍራ ልውሰዳችሁ። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እናገለግል ነበር። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ እንጽፋለን፤ አንዱ በደራሲው ስም፣ አንዱ በመጽሐፉ ስም፣ አንዱ በሚናገርበት ነገር። በዚያን ጊዜ ሦስተኛው ካርድ አሰልቺ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ስለ ንብ የሚናገር መጽሐፍ ስሙን ፈልጎ ማግኘት ሲቻል «ንብ» የሚል ካርድ ለምን ይጻፋል እል ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን «ስሙን የሚያውቅ ልጅ አንተን አያስፈልገውም» ይሉኝ ነበር።

ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። ቻርልስ ካተር የሚባል አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ በ1876 ባወጣው የካታሎግ ደንብ፣ የካታሎግ ተግባር አንድ ሰው ከደራሲው፣ ከርእሱ ወይም ከነገሩ አንዱን ብቻ ቢያውቅ መጽሐፉን እንዲያገኝ ማስቻል ነው ሲል ወሰነ። በአገራችንም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእናቴ አባት ቄስ ነበሩ፤ ከመጻሕፍታቸው መካከል አዘውትረው የሚያወጡት ግጻዌ ነበር። ግጻዌ ለእያንዳንዱ ቀን የትኛው ወንጌልና የትኛው ምስባክ እንደሚባል የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። ካህኑ በማለዳ ሲነሣ የሚያውቀው ቀኑን ነው፤ መጽሐፉም በቀን ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ግጻዌን የሠሩት አባቶች አንባቢው በእጁ ምን ይዞ እንደሚመጣ ዐውቀው ነበር ማለት ነው።

የኮምፒዩተር ሰዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ጀመሩ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ ሆነው ዩኒክስ ለሚባለው ሥርዓታቸው የመጀመሪያውን መምሪያ ያወጡት በኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። እያንዳንዱ ገጽ የሚጀምረው በትእዛዙ ስም ነው፤ ገጾቹም በስም ተራ ይደረደራሉ። አጠር ያለና የጠራ አጻጻፍ ስለ ነበረው ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል፤ የኡቡንቱም ገጾች ይህንኑ መልክ የያዙ ናቸው። ጽሑፉ የተዘጋጀው ትእዛዞቹን በየቀኑ ለሚጠቀሙ ጥቂት ባልንጀሮች ስለ ነበር በስም መደርደሩ ይገባ ነበር። ችግሩ የመጣው አደራደሩ ሳይለወጥ አንባቢው በተለወጠ ጊዜ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ቆየት ብሎ ሌላ ትእዛዝ ተሠራ፤ የትእዛዙን ስም የማያውቅ ሰው አንድ ቃል ቢሰጠው፣ ያ ቃል በአጭር መግለጫቸው ውስጥ ያለባቸውን ገጾች ይዘረዝርለታል። እጅግ ጠቃሚ ነው። የዚህ ትእዛዝ ስም ግን «አፕሮፖ» ነው፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። ስም ለማያውቅ ሰው የተሠራውን መሣሪያ ለማግኘት የመሣሪያውን ስም፣ ያውም ከፈረንሳይ አገር የመጣውን፣ ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ለክበባችን አባላት ስነግራቸው ከዐሥራ ስምንቱ አንድ ስንኳ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ደቢያን የሚባለው ሥርዓት ለኡቡንቱ መሠረቱ ነው። 12ኛው እትሙ በጁን 2023፣ 13ኛው በኦገስት 2025 ወጣ። ከ12ኛው ወደ 13ኛው ስለ መሻገር የተጻፈው መምሪያ፣ እኔ እንደማየው፣ በዓይነቱ ከሚገኙት ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ አስቀድመህ የሥራህን ግልባጭ አስቀምጥ፣ የዲስክህን ባዶ ቦታ መርምር እያለ በየደረጃው ይመራል። የሚገኘው ግን «የእትም ማስታወሻ» በሚባለው ጽሑፍ በ4ኛው ምዕራፍ ነው። ማስታወሻ የሚለውን ሲያይ ጀማሪ የዜና ማስታወቂያ ይመስለዋልና ያልፈዋል። እኔም ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ።

ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በዲሴምበር 2008 ሦስተኛው ፓይተን ሲወጣ በሁለተኛው የተጻፈው ሥራ ብዙው በአዲሱ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ከ2 ወደ 3 የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ማሻገሪያ አብሮ ተዘጋጀ። ሁለተኛው ፓይተን በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጥበቃው ተቋረጠ፤ ማሻገሪያውም በ2024 ከወጣው 3.13 እትም ውስጥ ተነሣ። መነሣቱ የተነገረው በእትሙ የለውጦች ዝርዝር ውስጥ ነው። በቤተ መጻሕፍታችን ግን በስጦታ የመጡ የሁለተኛው ፓይተን መጻሕፍት እስካሁን አሉ፤ የሚማርባቸውም ልጅ አለ። ይህ ልጅ የለውጦች ዝርዝር የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ያውቃል? በመጽሐፉ እንዳየው «ፕሪንት» ብሎ ያለ ቅንፍ ይጽፋል። በመጀመሪያዎቹ የሦስተኛው ፓይተን እትሞች መልሱ «የአጻጻፍ ስሕተት» ብቻ ነበር፤ ልጁም ከመጽሐፉ ፊደል በፊደል የቀዳውን አሥር ጊዜ እያየ ይደነግጥ ነበር። በኋለኞቹ እትሞች ግን ሠሪዎቹ መልሱን ለወጡት፤ «ለፕሪንት ቅንፍ ጎድሎታል» ይላል፤ ቀጥሎም እንዲህ ማለትህ ነበር ወይ ብሎ ትክክለኛውን ያሳያል። ይህን አንድ መስመር የጻፈ ሰው ከአንድ ሙሉ ምዕራፍ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሐሳቤን በክበቡ ባቀረብሁ ጊዜ ተቃውሞ አልታጣም። አንዳንዶቹ «እኛ ተቸግረን ተማርን፤ እነርሱም ይቸገሩ፤ ችግር ያጠነክራል» አሉ። ችግር ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን ማስተዋል ይገባል። ሒሳቡን ለመሥራት መቸገር ያጠነክራል፤ የሒሳቡ መጽሐፍ ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ለማግኘት ሦስት ቀን መባዘን ማንን አጠነከረ? ሌሎቹ ደግሞ «ዛሬ በኢንተርኔት የማይገኝ የለም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠየቅም ይቻላል» አሉ። እውነት ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ልጅቱ ወደ አራቱ ዜሮ የደረሰችው ኢንተርኔት ፈልጋ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ ኡቡንቱ ብዙ ያውቅ ይሆናል፤ በእኛ ክፍል ያሉት ኮምፒዩተሮች በምን ምክንያት እንደ ተዘጉ ግን ካልነገርነው አያውቅም። ያን የሚያውቀው «ልዩ ልዩ» የሚለው ደብተር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ልጅቱ ወደ ክበቡ ተመለሰች፤ ሥራውንም ከእኔ ጋር ያዘች። አስቀድመን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች 40 ቁራጭ ወረቀት አደልንና፣ ኮምፒዩተሩ ቢያረጅባችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ አልናቸው። የመጣው መልስ አስገራሚ ነበር። «አፕግሬድ» ብሎ የጻፈው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ «አፕዴት»፣ «ማደስ»፣ «ማሻሻል»፣ «ፎርማት ማድረግ» አሉ። ሰባቱ ደግሞ «አዲሱን ዊንዶውስ መጫን» ብለው ጻፉ፤ ክፍሉ ውስጥ አንድም ዊንዶውስ የለም።

በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛዬ፣ ስሕተትን በካርድ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ስሕተትን ማስተማር ነው አለ። በመጨረሻ ግን በሚሲዮኑ ቤተ መጻሕፍት እንደምናደርገው «ተመልከት» የሚሉ ካርዶች አዘጋጀን። «ዊንዶውስ ማደስ» ብሎ የሚፈልግ፣ «ወደ አዲስ እትም መሻገር» የሚለውን ይመለከታል። በዚያ ካርድ ላይም የመጀመሪያው መስመር፣ እነዚህ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በኡቡንቱ ነው የሚል ነው። ልጁ በተሳሳተ ቃል ገብቶ በትክክለኛው ቃል ይወጣል። ሌሎቹን ካርዶች በጠያቂው አነጋገር ሰየምናቸው፤ «አፕግሬድ አድርጌ እትሙ አልተለወጠም፤ ለምን?»፣ «መሻገር አይቻልም አለኝ»፣ «መሻገር ከጀመርሁ በኋላ ማቆም እችላለሁ ወይ?» የሚሉ ናቸው። የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ከባድ ነው። ማሻገሪያው ራሱ አስቀድሞ እንደሚያስጠነቅቀው፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ወርዶ ካበቃ በኋላ ሥራውን ማቋረጥ አይቻልም።

ስለዚህ በእኛ ካርድ ላይ በውጭ አገር መምሪያ ያላየነውን አንድ መስመር ከሁሉ በላይ በቀይ ጻፍን፤ «መብራት በሚጠፋበት ሰሞን አትጀምር» የሚል ነው። በየአገሩ ያለ አንባቢ የሚያሰጋው ነገር ይለያያልና፣ መምሪያን ወደ አማርኛ መመለስ ቃሉን ብቻ መመለስ አይደለም።

ካርዶቹን ከጻፍን በኋላ ከ9ኛ ክፍል ሦስት ልጆች ጠርተን ፈተንባቸው። ደንባችን ጠያቂው ሲሠራ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ መቆም ነው። ይህ ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ «ተርሚናሉን ክፈት» ከሚለው ላይ ደርሶ ቀረ፤ ተርሚናል ለእርሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። «ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈት» ብለን ለወጥነውና የመስኮቱን ሥዕል አከልንበት። ሁለተኛው ልጅ ካርዱን ከቶ አላየውም፤ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ነበርና ሰው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላው እንደማይዞር አላሰብንም። ካርዱን አንሥተን ከስክሪኑ ሥር ለጠፍነው። ሦስተኛዋ ልጅ በአንድ ከሰዓት ማንንም ሳትጠይቅ አሻገረች። ሲፈጸም ዘወር ብላ «ይኸው ነው እንዴ?» አለች። እኔም ስንት ወር እንደ ፈጀብን አልነገርኋትም።

ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ 12 ኮምፒዩተሮች ወደ 22.04 ተሻገሩ። በኡቡንቱ ደንብ በእነዚህ እትሞች መካከል ዘሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከ20.04 ወደ 22.04፣ ከዚያም ወደ 24.04 በተራ ነው። ኮምፒዩተሮቹ አሮጌዎች፣ ማስታወሻቸውም ትንሽ ስለ ሆነ በ22.04 ላይ ቆምን። የዚህ እትም መደበኛ ጥበቃ እስከ 2027 ድረስ ነው። በዚያን ጊዜ እኔ እዚህ አልኖርም፤ ከዛሬዎቹ የክበብ መሪዎችም አብዛኞቹ አይኖሩም።

ሁለቱን ኮምፒዩተሮች ሆን ብለን በ20.04 ላይ ተውናቸው። የኢንተርኔት ሽቦአቸው ተነቅሏል፤ ሲፈለግ ብቻ ይሰካል። በሚመጣው መስከረም አዲስ የሚገቡት ተማሪዎች በእነዚህ ላይ ይሞክራሉ፤ የቆሙበትንም ስፍራ የክበቡ ጸሐፊ ይጽፋል። ጸሐፊዋም አሁን ያች አራቱን ዜሮ ያየችው ልጅ ናት። ቁልፉን ባለፈው ዓርብ አስረከብኋት። ደብተሩንም እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ሽፋን በፊቴ ገንጥላ ጣለችና በአዲስ ካርቶን ሸፈነችው። በላዩም በትልልቅ ፊደል «ኮምፒዩተሩ እምቢ ሲል» ብላ ጻፈችበት፤ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በገመድ አስራ አኖረችው።